የማይዘጋ ጉጠት

ሙያዬ ብረት ነው። ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣
ላሜራ ስቆርጥ፣ ቱቦላሬ ስበይድ፣ ይመሻል ቤቴ ሳልገባ።
ስለ ብረት ጠባይ ለእኔ አይነግረኝም ሰው፤
ፒንሳ የሚነክሰው፣ ሞርሳ የሚጨምቀው፣ ጉጠት የሚይዘው፣
ሁሉም የሚሰማው አንድ ቃል ነው፦ «እጠፍ፣ አለዚያ ተሰበር።»
እስከዚያች ሌሊት ድረስ ይህን አምኜ ነበር።

ባጃጁ ጭቃው ላይ ሦስት ጊዜ ቆመ፤
እልፍነሽ ክንዴን ነከሰች፤ የጥርሷ ማኅተም ሳምንት ከረመ።
ጤና ጣቢያው መብራት የለም፤ ጄኔሬተሩ ያጓራል፤
«ማርያም፣ ማርያም» የሚል ድምፅ በኮሪደሩ ይዞራል።
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሲስተር ብርዛፍ ብቅ አለች፤
ጓንቷ እርጥብ፣ ቃሏ ደረቅ፣ በር ላይ ቆማ ተናገረች፦

«የማኅፀኗ በር ሙሉ ለሙሉ ተከፍቷል። ጭንቅላቱም ወርዷል።
ሁለት ሰዓት ገፋች፤ ጉልበቷ አልቋል።
የፅንሱ ልብ ምት በየምጡ ይቀንሳል፤ ለመመለስ እየዘገየ ነው።
በመሣሪያ ላግዛት ነው። እሷንም ጠይቄያታለሁ።»
«ምን አለች?»
«‹ብቻዬን አትተይኝ እንጂ ያሻሽን አድርጊ› አለች።»

በበሩ ስንጥቅ አየሁት። ሁለት ብረት፤ በባትሪ ብርሃን ያበራል፤
እጀታው እንደ እኔው ጉጠት፣ አንገቱ ላይ ይቆለፋል።
እግሬ ከዳኝ። ጉጠት እኮ የሚይዘው የጋለውን ነው፤
የእኔ ልጅ ገና አልጋለ፣ ገና ስም እንኳ የለው።
ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፈንኩ፤
ከመዳፌ ሾልኮ ሁሉንም ሰማሁ፦
«አሁን! መጣ፣ ግፊ!»
ከዚያ ዝምታ። «ተንፍሺ። እኔም እጄን አላልቻለሁ።»
«አሁን!»
እንደገና ዝም።
በሦስተኛው የልጅ ድምፅ፣ እንደ ፍሌክሲብል የሚሰነጥቅ፣
ኮሪደሩን ለሁለት ቆረጠው።
ተንበርክኬ ሳቅሁ ይሆን፣ አለቀስሁ ይሆን? አላውቅ።

ሲነጋ ሲስተር ብርዛፍ ከቧንቧው ሥር ዕቃዋን ታጥባለች።
የእጄን ጠባሳ አየችና «በያጅ ነህ?» አለች።
«ፎርሴፕስ ይባላል። ገና ስለሚቀቀል፣ እንካ፣ ያዘውና ፍረድ።»

ያዝኩት። በአውራ ጣቴ ዳበስኩት።
ጥርስ የለውም። ስለት የለውም።
አንዱ ጉብጠት ለጉንጭ ነው፤ ሌላው፣ ወደ ላይ የቀናው፣
በእናት ዳሌ አጥንት መሐል ያለውን መንገድ ይከተላል።
ቆለፍኩት። ጫፍና ጫፉ አልተገናኘም።
በሙሉ ክንዴ ጨበጥኩት። አሁንም አልተገናኘም።
መሐሉ ባዶ ነው፤ የአንዲት ራስ ያህል ባዶ።
ይህን የሠራ ሰው ብረቱን ከማጠፉ በፊት
ባዶውን ለክቷል።

«አልወጣ ብትልስ ኖሮ?»
«ሦስቴ ስቤ ካልመጣች አቆማለሁ። አምቡላንስ፣ ከዚያ ኦፕራሲዮን።
ማቆሚያውን የማያውቅ እጅ ይህን ዕቃ አይንካ።»

ጎረቤት መጣ፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ተቀመጠ፤
ኋላ የእትዬ ውድነሽ ዐይን የልጄ ጉንጭ ላይ ፈጠጠ፦
«ምነው፣ ብረት ነክቷት የለ? ጎትተው አወጧት አሉ።»
እልፍነሽ በጎኗ ጋደም ብላለች፤ ስፌቱ አላስቀመጣትም።
«ማንም አልጎተታትም። እኔ ስገፋ እሷ ሳበች፤
እኔ ሳርፍ እሷም አረፈች።
ያማል ወይ ካሉኝ፣ ያማል፤ ይኸው መቀመጥ አቅቶኛል።
ሌላውን ግን አይበሉ።»

ምልክቱ ሁለት ነበር፤ በግራና በቀኝ ጉንጯ፣
ቀላ ያለ፣ የቅጠል ጠርዝ የሚመስል።
ሲስተር ብርዛፍ እንዳለችው በአምስተኛው ቀን ከሰመ።
እልፍነሽ ደስ አላት።
እኔ ግን ማታ ከሥራ ገብቼ፣
እጄን በሳሙና ሁለቴ አጥቤ፣
አውራ ጣቴን በትንፋሼ ሞቅ አድርጌ፣
የነበረበትን ቦታ ፈለግሁት፤
ሳልጫን።